ለስንሻው የተፈተለው ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ማልቀስ በሚያስጠይቅበት ዘመን ልጇ የሞተባት፣ ማልቀስ ሲፈቀድ ደግሞ መሞቱን የሚነግራት ያጣች አንዲት እናት ነበረች። ታሪኩ የእሷ ነው፤ ፍርዱ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ጆሯችሁን ስጡኝ። በየመሀሉ «እሱስ እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም» እያላችሁ የምትዘሉ ካላችሁም እስኪያልቅ ታገሡ፤ መከራከሪያ ጊዜ አታጡም።

ስሟ ወይዘሮ ባንችአምላክ ነው። ዋርካ ሜዳ በምትባል፣ ሾፌሮች ምሳ ሊበሉ በሚቆሙባት የመንገድ ዳር ከተማ ጥጥ እየፈተለች ትኖር ነበር። ፈታይ ስላችሁ ጊዜ ለማሳለፍ እንዝርት የምታሾር እንዳይመስላችሁ፤ የአካባቢው ሸማኔዎች «የባንችአምላክ ድር ቢጎትቱት አይበጠስም» እያሉ የሚኮሩባት ባለሙያ ናት። ባሏ ልጆቹ ራሳቸውን ሳይችሉ ስለሞተባት አራቱንም ያሳደገቻቸው በዚያች እንዝርቷ ነው። ትልቁ ደምለው የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። ቀጥሎ ስንሻው፣ ከእሱ ቀጥሎ የሻረግ የምትባል ሴት ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠብቀው የመጣው ሸጋው አለ። ስንሻውና ሸጋው በዕድሜ ቢራራቁም ከአንድ እንስራ የተቀዱ ነበር የሚመስሉት።

ስንሻው መምህር ሊሆን ወደ አውራጃው ከተማ ሄደ። እናቱ የሸኘችው አረንጓዴ ሹራብ አልብሳ ነው። ክርኑ ላይ ተቀዶ ስለነበር ከሟች አባቱ ሱሪ ካኪ እራፊ ቆርጣ ጣፈችለት፤ እራፊዋ ትንሽ ጠመመችባትና «ስትመለስ አቃናዋለሁ» አለችው። እሱ እዚያ ሳለ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ወጣት እየተለቀመ የሚገደልበት፣ ሬሳው ሰው እንዲያየው መንገድ ዳር የሚጣልበት፣ «ልጄን!» ብላ የጮኸች እናት ራሷ የምትታሰርበት ዘመን ነበር። የሰማው አልሰማሁም፣ ያየውም አላየሁም ይል ነበር።

አንድ ማለዳ ደምለው ጨው ጭኖ በአውራጃው ከተማ መግቢያ ሲያልፍ መንገድ ዳር የተጣሉ ወጣቶች አየ። ከዳር የተኛው አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ የጠመመች ካኪ እራፊ አለች። አጠገባቸው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። የሚመለከቱት ግን ሬሳውን አልነበረም፤ ከአላፊው ማን እንደሚደነግጥ ነበር የሚመለከቱት። ደምለው እግሩ ፍሬን ሊረግጥ ሲል ነዳጅ ረገጠ። አላቆመም፤ ዞር ብሎም አላየም። ቤት ሲደርስ እናቱ «ስንሻውን አገኘኸው?» አለችው። እሷን አያት፣ ጉልበቷ ሥር የሚጫወቱትን ታናናሾቹን አየ። ቢነግራት እሪ እንደምትል ያውቃል፤ እሪ ካለች ደግሞ ነገ እነዚህን ማን ያሳድጋቸዋል? «ወደ ሱዳን ተሻግሯል አሉኝ፤ ደህና ነው» አለና ውሃ ለመነ።

ባንችአምላክ አመነችው። እናት እኮ ደህና ነው ሲሏት ለማመን አትቸገርም። «በረሃ ነው ይላሉ፤ በረሃ ደግሞ ማታ ማታ ይበርዳል» ብላ በማግስቱ ጋቢ ጀመረች። ጥጡን ራሷ መረጠች፣ ዳመጠች፣ በደጋን ነደፈች፣ ከዚያ ለማንም ፈትላ የማታውቀውን ቀጭን ፈትል ፈተለችለት። ሸማኔው ጨርሶ ሲያመጣላት ጉንጯ ላይ አድርጋ ሞከረችውና በመሀሉ አሪቲ አስገብታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ደምለው ብርድ ቢመታው፣ የሻረግ ብታርስ፣ ሸጋው ቢያተኩሰው ያ ጋቢ አይወጣም። «እሱ ሳይለብሰው ማንም አይለብሰውም» አለች፤ አለቀ። ለሚካኤልም ልጇን በሰላም ቢያመጣላት ዣንጥላ ልታስገባ ተሳለች።

ዘመኑ ዘመን ሆነና አለፈ። መንግሥት ተለወጠ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ጥቁር ለብሰው በአደባባይ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። እንግዲህ የደምለው መከራ የጀመረው ያኔ ነው። መርዶ በእኛ አገር እንደ ወሬ አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ሽማግሌና የንስሐ አባት ተይዞ፣ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ደምለውም እንደ ወጉ የንስሐ አባቷን አባ ይትባረክን ከፊት አስቀድሞ መንደሩን ሁሉ ይዞ ገና ጎህ ሲቀድ ከደጇ ደረሰ። ባንችአምላክ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ፊቷ በራ። «ስንሻው መጣ?» አለች፤ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ አጥሩን አልፋ መንገዱን ማየት ጀመረች።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባ ይትባረክ መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዙረው «የለም ልጄ፣ ለሚካኤል ማኅበር ልንጠራሽ ነው» አሉ። ለአንድ ማኅበር መንደሩ ሁሉ በጎህ ተነሥቶ መምጣቱ ገርሟት «ቁርስ ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብላ አስገባቻቸው። ሊያስለቅሱ የመጡ ሰዎች ከቤቷ በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀዋት ሄዱ። ደምለው በመኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ለብቻው አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ አልሞከረም። መርዶ እንደሆነ ሲዘገይ እየከበደ ነው የሚሄደው፤ «ለምን እስከ ዛሬ?» የምትል ጥያቄ በላዩ ትጨመርበታለች።

እውነቱን ከደምለው የሰማችው የሻረግ ደግሞ እንዲህ አደረገች። ከሱዳን ስደተኞች መመለስ ሲጀምሩ እናቷ ሥራዋን ጥላ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ መዋል አመጣች። የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች፤ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ሾፌሩን «በቃ? አልቀረም?» ትለዋለች። ምግብ መብላት ተወች። ከሰውነት ተራ ወጣች። የሻረግ አንጀቷ አልችል አለና አንድ ቀን አበባ ያለበት ቢጫ ሻሽ ይዛ መጣች። «ከሱዳን የመጣ ሰው አገኘሁ፤ ስንሻው ነው የላከልሽ። ሥራ ይዟል፤ አሁን ፈቃድ አይሰጡትም እንጂ ይመጣል» አለቻት። ባንችአምላክ ሻሹን አሸተተችው፣ አገላበጠችው፣ አሰረችው። ያን ቀን እንጀራ በላች።

ውሸት አንዴ ከተወለደ ያድጋል መቼም። በየሻረግ አፍ ስንሻው ደመወዝ ተጨመረለት፣ አጨ፣ አገባ፣ ሴት ልጅም ወለደ። «ማን አላት?» ብላ እናቷ ስትጠይቅ የሻረግ ስም አላዘጋጀችም ነበርና በሩን በሩን እያየች «ባንቺ ስም ነው የጠራት» አለች። አሮጊቷ እስኪመሽ ለብቻዋ ስትስቅ ዋለች። የሻረግ ግን ቤቷ ገብታ ለሞተ ወንድሟ ልጅ መውለዷን አስባ እንቅልፍ አጣች። ቢሆንም በየፋሲካው አንድ ነገር ይዛ መምጣቷን አልተወችም፤ ብትተወው እናቷ ተመልሳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው የምትቆመው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ሚካኤል በነገሠ ቁጥር ባንችአምላክ በሴቶች በኩል ቆማ «ስንሻውን በሰላም አምጣልኝ» ትላለች። ደምለው በወንዶች በኩል ቆሞ «የወንድሜን ነፍስ ማርልኝ» ይላል፤ አባ ይትባረክም በጸሎታቸው የስንሻውን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር ያነሡለታል። እናትና ልጅ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ሰው ይጸልያሉ፤ አንዷ ይምጣልኝ፣ አንዱ ይረፍልኝ እያሉ። ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ተገናኝተው ጸበል ይካፈላሉ።

ሸጋው በዚህ መሀል ጎረመሰ። ስንሻው ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበርና ነገሩን የሚያውቀው እንደ እናቱ ነው፤ ሱዳን ያለ፣ ሻሽ የሚልክ ወንድም። አንዴ ከደምለው ጋር በመኪና ሲሄዱ ግን ደምለው አውራጃው ከተማ መግቢያ ላይ፣ ሰውም ከብትም በሌለበት፣ ክላክስ አደረገ። ሲመለሱም እዚያው ቦታ ላይ አደረገ። «ወንድም ጋሼ፣ ለማን ነው?» አለው። ደምለው መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። ያኔ ማቆም ያልቻለበት ቦታ ላይ አቁሞ ሁሉንም ነገረው።

ሸጋው ይህንን በሆዱ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደና ቲያትር ውስጥ ገባ። ስለዚያ ዘመን ፊልም ሊሠሩ የተነሡ ሰዎች አገኙት። የወንድሙን ታሪክ ነገራቸው፤ እነሱም መልኩን አይተው የሟቹን ወጣት ቦታ ሰጡት። እሱ የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹራቡ አረንጓዴ እንዲሆን፣ ክርኑ ላይም ጠመም ያለች ካኪ እራፊ እንድትጣፍ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ዋርካ ሜዳ ይዞት መጣ። ለወንድሙም ለእህቱም ምን እንዳለበት አልነገራቸውም። ለእናቱ «ፊልም ሠርቻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይታያል፤ ከፊት ነው የማስቀምጥሽ» አላት።

ባንችአምላክ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። በዋርካ ሜዳ አንድ ሰው መድረክ ላይ ደህና ሲጫወት ዘመድ ወጥቶ ይሸልመዋል፤ የባለ ፊልም እናት ባዶ እጇን ልትሄድ ነው? ሳጥኗን ከፈተች። ብዙ አሰበች። ከዚያ ያን ጋቢ አወጣችው። «ስንሻው ሚስት አግብቷል፤ የሚያለብሰው ሰው አለው። እሱ እስኪመጣ ሌላ እፈትላለሁ» ብላ ለሸጋው ልትደርብለት ታቅፋው ሄደች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ባንችአምላክ ከፊት ተቀምጣለች፤ በአንድ ጎኗ ሸጋው፣ በሌላው የሻረግ። ደምለው ዘግይቶ ስለመጣ ከኋላ ቆሟል። መብራቱ ጠፍቶ በነጩ ሸራ ላይ ጽሑፍ መጣ። የሻረግ ለእናቷ አነበበችላት፤ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። «የማን ታሪክ?» አለች ባንችአምላክ።

ፊልሙ ጨካኝ ነበር፤ እንደ ዘመኑ ነበር። በር ይሰበራል፣ ወጣቶች በፀጉራቸው ይጎተታሉ፣ ዱላ ያርፋል። ከኋላ ያሉ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ አንድ ሽማግሌም ተነሥተው ወጡ። ባንችአምላክ ግን ሸጋውን ሲመቱት ባየች ቁጥር እጇን ሰዳ አጠገቧ የተቀመጠውን ሸጋው ጉልበት ትጨብጣለች። አለ። እንደገና ወደ ሸራው ታያለች። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ «አይዞህ» አለችው በጆሮው፤ የሚያጽናናው ማን እንደሆነ ሳታውቅ።

ከዚያ ማለዳ ሆነ። መንገድ ዳር፣ ሳር ላይ፣ ወጣቶች ተጥለዋል። ከዳር ያለው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የተኛው ሸጋው ነው። ልብሱ አረንጓዴ ሹራብ ነው። ምስሉ ቀስ እያለ ክርኑን አቀረበው። ባንችአምላክ እራፊዋን አየች። የጠመመችውን፣ «ስትመለስ አቃናዋለሁ» ያለቻትን። እጇን ወደ ጎኗ ዘረጋች፤ ሸጋው አለ፣ ግን ሸራውን አያይም፤ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ቀብሯል። በዚያች ሰዓት በሸራው ላይ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ዝግ አለ። ከዚያ ነዳጅ ሰጥቶ አለፈ። ከአዳራሹ ኋላ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፤ ድምፁን ደግሞ ታውቀዋለች።

እሪ አላለችም። ተነሣች። ጋቢውን እንደታቀፈች የመድረኩን ደረጃ ወጣች። አንዳንዶች ልጇን ልትሸልም የወጣች መስሏቸው ሊያጨበጭቡ ጀምረው ነበር። እሷ ሸራው ሥር ደርሳ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ልጄን እኮ በርዶታል» አለች። «ይህን ያህል ሰው ሲያልፍ የሚያለብሰው ይጥፋ?»

ያን አራት እጥፍ ጋቢ ዘርግታ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ሬሳው ላይ ያዘችው። መቼም ብርሃን አይሸፈንም። ልጇ ከሸራው ወርዶ ጋቢው ላይ ተኛ፤ ፊቱ፣ ሹራቡ፣ ክርኑ ሁሉ በፈተለችው ጥጥ ላይ ሆነ። እጇ ሲዝልባት የሻረግ ሮጣ ወጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ደምለው ሰው እየገፋ መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ሸጋው መጨረሻ ላይ ወጣና በራሱ ሬሳ ሥር ተንበርክኮ የታችኛውን ጠርዝ ጨበጠ። አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። አባ ይትባረክ ከተቀመጡበት ሆነው፣ በዚያ ማለዳ ቁርስ ብቻ በልተው ሳይናገሩ ያቆዩትን ቃል አሁን ተናገሩት። «ልጄ ባንችአምላክ፣ ስንሻው ካረፈ ቆይቷል። እግዜር ያጥናሽ።» ያኔ አለቀሰች። ዋርካ ሜዳም አብሯት አለቀሰ።

ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐት ተፈታ፣ ለቅሶ ደራሹ ከየገጠሩ መጣ። በአርባው ተዝካር ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ባንችአምላክ ሦስቱን ልጆቿን መደብ ላይ አስቀምጣ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የሟች ልብስ ከአርባ በኋላ ሳጥን ውስጥ አያድርም። ነገ ይህን ጋቢ የሚለብሰው ስንሻውን ተክቶ ይቆማል፣ እንግዳውን ይቀበላል፤ እሷም ከዚህ በኋላ የምትጦረው እሱ ቤት ነው። እንዲህ ብላ ነገረቻቸው።

መጀመሪያ ቂም ነበር የተናገረው። ደምለው ሸጋውን «መርዶ በቲያትር ይነገራል? ልቧ ቀጥ ብሎ ብትቀርስ?» አለው። ሸጋው አንገቱን ደፍቶ «በአፍ ቢነገርማ እኔ ለምን እሞት ነበር ወንድም ጋሼ» አለ። የሻረግ ደግሞ ሁለቱንም አኮረፈች፤ አንዱ ሸክሙን አምጥቶ እሷ ላይ ጣለ፣ ሌላው እሷ የገነባችውን ሳይጠይቃት አፈረሰ።

ባንችአምላክ ዝም አሰኘቻቸው። ወደ የሻረግ ዞራ ያችን ቢጫ ሻሽ አነሣችባት። «ከዚሁ ገበያ መሆኗን አውቄ ነበር። እኔው ራሴ ውድ ናት ብዬ ትቻት የመጣሁ ናት» አለቻት። የሻረግ ደንግጣ፣ ታዲያ ለምን አሰርሻት አለቻት። «እኔ ሳስራት አንቺ ደስ ሲልሽ አየሁ።» ልጅቷ የእናቷ ጭን ላይ ተደፋች። ታውቂ ነበር ማለት ነው ቢሏት አላውቅም ነበር አለች፤ አለማወቁ ግን ከዓመት ዓመት እየከበዳት መጥቶ እንደነበር፣ ማወቅና መርዶ መስማትም ለየብቻ መሆናቸውን ነገረቻቸው።

ደምለው በቤተ ክርስቲያን ያደርግ የነበረውን የነገራት ያኔ ነው። አሮጊቷ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ፣ ልጄ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ጸሎት ቀረ እያለች ስትቃጠል ከርማ ነበርና አንጀቷ ራሰ። «እኔ ወዲህ አምጣልኝ፣ አንተ ወዲያ ማርልኝ። ሚካኤልን እኮ ግራ አጋባነው» ብላ እያለቀሰች ሳቀች። እነሱም ሳቁ። በዚያ ቤት ሁሉም አብረው ከሳቁ ስንት ዘመን ሆኖ ነበር።

ከዚያማ ነገሩ ተገለበጠ። ጋቢውን የሚፈልግ ጠፋ። ደምለው የሸጋውን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ እኔ ወንድሜን ሳላለብሰው ጥዬ ያለፍኩ ነኝ፣ ለሸጋው ደርቢለት፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲያየው ያደረገው እሱ ነው አለ። ሸጋው፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሜ የሄድኩት ወንድም ጋሼ ባለማቆሙ ነው፤ ደግሞም እናቴን በሰው ፊት አስለቅሻለሁ፣ እማዬን ያኖረቻት የሻረግ ናት አለ። የሻረግ፣ እኔ ያኖርኩት ውሸትን ነው፤ ስንሻውን በጸሎት የጠበቀው ደምለው ነው አለች። አንዲት ጎረቤት ከበሩ ሆና «ቆርጠሽ አካፍያቸው» ብትል ባንችአምላክ አልወደደችውም። «ግማሽ ጋቢ ሙሉ ብርድ ነው» አለቻት።

ያን ጊዜ ውጭ ድንኳኑ ሥር ያሉት ሽማግሌዎችም ተከፋፍለው ነበር። አንዱ፣ ሕይወት ያተረፈ ይበልጣል፤ ደምለው ያን ቀን ቢያቆም ኖሮ ዛሬ የሚያለቅስም የሚለቀስለትም አይኖርም ነበር ይላሉ። ሌላው፣ መኖር ብቻውን ምን ያደርጋል፤ በልታ እንድታድር፣ ስቃ እንድትውል ያደረገቻት ልጅቱ ናት፣ ሸክሙንም ለብቻዋ ተሸክማለች ይላሉ። ሦስተኛው ደግሞ፣ እናትን ከልጇ ለቅሶ መከልከል ግፍ ነው፤ ልጇን መልሶ የሰጣት፣ ሞቶም ቢሆን የሰጣት፣ ትንሹ ነው ይላሉ። አባ ይትባረክን ቢጠይቋቸው «እኔ ቁርስ በልቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ አትጠይቁኝ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ባንችአምላክ ተነሣች። ጋቢውን ዘርግታ አራገፈችው፤ የአሪቲው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሦስቱ ልጆቿ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱም ቀና ብሎ አያያትም። አንዱ ዝም ብሎ አኑሯታል፣ አንዷ ዋሽታ አኑራታለች፣ አንዱ እውነቱን አሳይቶ አስለቅሷታል። ሦስቱም የወደዷት በየራሳቸው መንገድ ነው፣ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ አቁስለዋታል። እሷም ጋቢውን በሁለት እጇ እንደያዘች ፊታቸው ቆማለች፤ እጇም እንደዚያን ቀኑ መዛል ጀምሯል።

እንግዲህ አሮጊቷን ብዙ አታስቁሟት። እናንተ ብትሆኑ፣ የስንሻውን ጋቢ በማን ትከሻ ላይ ትደርቡታላችሁ?